ኤለመንቱን የሚያቃጥለው ምንድን ነው? የአንድ አዳማ ቤት ቦይለርና ፓምፕ

የቤቱ ባለቤት ማዘር የደወሉልኝ ለቦይለሩ ነው። «ኤለመንቱ እንደገና ተቃጥሏል፤ ሌላ ይዘህልኝ ና» አሉኝ። ኤለመንት፣ ማለትም ቦይለሩ ውስጥ ሆኖ ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ዕቃ ነውና ይቃጠላል። ዓመት ሳይሞላ ደጋግሞ ሲቃጠል ግን የሚያቃጥለው ነገር ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ኤለመንት አልገዛሁም። ቴስተርና መፍቻ ይዤ ሄድኩ።

ቤቱ አዳማ ውስጥ ፍራንኮ ከሚባለው ሰፈር ብዙ አይርቅም። ጂ ፕላስ ዋን ነው። ታች ሳሎንና ማዕድ ቤት፣ ላይ መኝታ ቤቶቹና ባኞ ቤቱ። ግቢው ጥግ ላይ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ተራው ሲደርስ ሮቶው ይሞላል። አጠገቡ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ፓምፕ ተቀምጧል። ፓምፑ ላይ እንደ ግፊቱ የሚያስነሳውና የሚያጠፋው ፕሬሸር ስዊች፣ ግፊቱን የሚያሳይ ጌጅና 24 ሊትር የሚይዝ ቀይ ፕሬሸር ታንክ አሉ። ጣሪያ ላይ ሌላ ታንከር የለም። ቤቱ ውሃ የሚያገኘው በቀጥታ ከፓምፑ ነው። ላይኛው ባኞ ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ 80 ሊትር የሚይዝ፣ 1,500 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ቦይለር ተሰቅሏል። እንዲህ ዓይነት አሠራር አዳማ ውስጥ ሞልቷል።

አዳማ ላይ የሞቀ ውሃ ለምኔ የሚል ሰው አይጠፋም። ቀኑን አይቶ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ንጋት ላይ ያ ነፋስ ሲነሳ ቀዝቃዛ ሻወር ሥር ገብቶ ይሞክረው።

መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ቤተሰቡን አስወራሁ። ማዘር ቦይለሩን ይከሳሉ። ትልቋ ልጃቸው ፓምፑን ትከሳለች። ሻወር ስትወስድ ፓምፑ ጠቅ ብሎ ይነሳል፣ ወዲያው ጠቅ ብሎ ይጠፋል፣ መልሶ ይነሳል። ውሃው አንዴ ያቃጥላታል፣ አንዴ ያንቀጠቅጣታል። ይባስ ብሎ ሌሊት ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ፓምፑ በራሱ ይነሳል። ትንሹ ልጅ ጂኒ ነው ብሎ ፈርቷል። እንቅልፍ ሲያጡ ጊዜ መላ ዘየዱ፤ ማታ ሲተኙ የፓምፑን ብሬከር ያወርዱታል። የቦይለሩን ግን አይነኩትም። ጠዋት የሞቀ ውሃ ይፈለጋላ።

ሁሉም ተናግሮ ሲጨርስ የቤት ሠራተኛዋ ከማዕድ ቤት በር ላይ ሆና አንድ ነገር ጣል አደረገች። «ጠዋት ጠዋት የቀዝቃዛው ቧንቧ ሞቅ ያለ ውሃ ያወርዳል።» ታች ያለው ላቫንዲኖ ማለቷ ነው። ማንም ጠይቋት አያውቅም። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ሁሉ እሷ የተናገረችው ላይ ነበር። የቀዝቃዛ ውሃ መስመር ከየት አምጥቶ ይሞቃል?

ከእኔ በፊት የተነካካው

ቤቱ ባለሙያ አላጣም። አንዱ መጥቶ ኤለመንት ቀየረ። ሌላው ውሃው ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን ቴርሞስታት ቀየረ። ፓምፑ ደክሟል ተብሎ ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳው ካፓሲተር ተቀየረለት፤ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ቼክ ቫልቩም ያኔ ተፈቶ ተመልሶ ታስሯል። ግፊት አነሰ ሲባል አንዱ የፕሬሸር ስዊቹን ክዳን ከፍቶ ብሎኑን አጠበቀው። ሁሉም የታየውን ነክቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሙያ የላቸውም አልልም። አንድ ሰው ለአንድ ብልሽት ሲጠራ የሚያየው ያንኑ ብልሽት ነው፤ ቤቱን በሙሉ እንዲያይ የከፈለውም የለም።

እንግሊዝ አገር የሚኖረው ወንድ ልጅም በቴሌግራም ቪዲዮ ሲመራቸው ቆይቷል። እሱ የሚያውቀው የራሱን ቤት ሴንትራል ሂቲንግ ነው። እዚያ በጋዝ የሚሠራው ቦይለር ውሃ ያሞቃል። ፓምፑ ያንን ውሃ በየክፍሉ ባሉት ራዲያተሮች ውስጥ ያዞረዋል። ውሃው ሙቀቱን ለክፍሉ ትቶ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። ያው ውሃ ነው የሚዞረው። ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ከ1 እስከ 1.5 ባር ባለው ውስጥ መሆን አለበት። የራዲያተሩ አናት አልሞቅ ካለ አየር ገብቶበታልና ይተነፈስለታል። «ጌጁ 1.5 ላይ ይሁን፣ አየሩንም አስወጡት» ያላቸው ከዚህ ተነስቶ ነው። እህትየው የሚተነፈስ ራዲያተር ፍለጋ ቤቱን ዞራለች።

ምክሩ ለእሱ ቤት ልክ ነው። እዚህ ግን ፓምፑ ውሃ አያዞርም። ከሮቶ ተቀብሎ ወደ ላይ ይገፋል። የተገፋው ውሃ በሻወር ወጥቶ ይሄዳል፣ አይመለስም። ጌጁም አንድ ቁጥር ላይ አይቆምም፤ በሁለት ቁጥሮች መካከል መውጣትና መውረድ ነው ሥራው። በነገራችን ላይ እዚያ አገር የጋዝ ቦይለር ለመሥራት ጋዝ ሴፍ በሚባለው መዝገብ ላይ መመዝገብ ግዴታ ነው። እኛ ጋ መፍቻ የያዘ ሁሉ ይገባበታል። ሆኖም ልጁ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ትልቅ ፍንጭ ነበር። «ታንኩ ውስጥ አየር አለ ወይ?» ብሏል። በሴንትራል ሂቲንግም ቢሆን ሲሞቅ የሚያብጠውን ውሃ የሚቀበል፣ በላስቲክ ለሁለት የተከፈለ፣ ባንድ ወገኑ አየር ያለበት ታንክ አለ። ጥያቄውን የመለሰለት ሰው ግን አልነበረም።

ምርመራው

ከቀላሉ ጀመርኩ። የፓምፑ ፕሬሸር ታንክ ጫፍ ላይ ልክ እንደ ባጃጅ ጎማ ያለ የአየር መግቢያ አለ። ክዳኑን ፈትቼ መሐሉን በሚስማር ጫን አደረግኩት። ጤነኛ ቢሆን አየር ነበር የሚወጣው። የወጣው ውሃ ነው። የውስጡ ላስቲክ ተቀዷል ማለት ነው። ታንኩ ቀይ ቀለም የተቀባ የውሃ ጀሪካን ሆኗል።

ይህ ታንክ ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ሰው አይገባውም። ውሃ አይጨመቅም፤ አየር ይጨመቃል። ፓምፑ ሲሠራ ውሃው ላስቲኩ ውስጥ ገብቶ ከውጭ ያለውን አየር ይጨምቃል። ፓምፑ ሲጠፋ የተጨመቀው አየር ውሃውን ወደ ቤቱ ይገፋል። በዚህ የተነሳ እጅ ለመታጠብ ፓምፑ መነሳት አይኖርበትም። አየሩ ከሌለ ግን ቧንቧ ገና ሲከፈት ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል፣ ስዊቹ ፓምፑን ያስነሳል፣ ግፊቱ ወዲያው ይሞላል፣ ስዊቹ ያጠፋዋል። የልጅቷ ጠቅ ጠቅ ይሄ ነው። ሻወሩ የሚያቃጥላትና የሚያበርዳትም ከዚሁ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ሚክሰሩ በቀጥታ ይደርሳል። ሙቁ ግን በቦይለሩ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው። ግፊቱ በዘለለ ቁጥር ሁለቱ እኩል ስለማይዘሉ ድብልቁ ይለዋወጣል። ቴርሞስታት ቢቀየር ባይቀየር ለውጥ የለውም።

ቀጥሎ የሌሊቱ ጂኒ። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ፓምፑ የሚነሳው ግፊቱ የሆነ ቦታ ስለሚያመልጥ ነው። የሚያመልጠው ወይ ወደ ቤቱ ነው፣ ወይ ወደ ኋላ። ይህን ለመለየት ግድግዳ መቆፈር አያስፈልግም። ከፓምፑ ወደ ቤቱ የሚሄደው መስመር ላይ መዝጊያ አለ። መዝጊያውን ዘግቼ ፓምፑን አስነሳሁ፤ ሞልቶ ሲጠፋ ጌጁን እያየሁ ቆምኩ። ቤቱ አሁን ተቆርጧል። ጌጁ ከቆመ ቤት ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ወይም ሽንት ቤት አለ ማለት ነው። አልቆመም። ቀስ እያለ ወረደ። ስለዚህ ውሃው በፓምፑ በኩል ተመልሶ ወደ ሮቶው እየገባ ነው። ይህን መከልከል የነበረበት ቼክ ቫልቩ ነው። ፈትቼ ሳየው መቀመጫው ላይ ደቃቅ አሸዋና አንዲት ቁራጭ ቴፍሎን (የቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ቴፕ) ተወሽቀውበታል። ቀደም ሲል ሲፈታና ሲታሰር ከጥርሱ ላይ ተቆርሳ የገባች ናት። ቫልቩን አሳይቻቸው ለጊዜው እንደነበረ መለስኩት። ለምን ወዲያው እንዳልቀየርኩት ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ከዚያ ወደ ቦይለሩ ወጣሁ። ብሬከሩን አውርጄ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጬ ክዳኑን ከፈትኩ። የ1,500 ዋት ኤለመንት በ220 ቮልት 32 ኦም ገደማ ማንበብ አለበት። ቴስተሩ ምንም አላነበበም፤ ተበጥሷል። እስከዚህ ማዘር ልክ ናቸው። ኤለመንቱን ለማውጣት ግን መጀመሪያ ቦይለሩን ማፍሰስ አለብኝ። 80 ሊትር ይወጣል ብዬ ባልዲዎች አሰለፍኩ። አንዱ ሞላ፤ ሁለተኛው ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ውሃው ቆመ።

ቦይለሩ ከሞላ ጎደል ባዶውን ነበር።

ኤለመንቱ ሲወጣም ይህንኑ መሰከረ። ሥሩ ላይ ጭቃ አለ፣ ግን ደህና ነው። የአዳማ ውሃ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ መስመሩ በፈረቃ ሲዘጋና ሲከፈት ድፍርሱ ይነሳና ሮቶም ቦይለርም ሥር ይተኛል። አናቱ ግን ጠቁሮና ሰማያዊ መስሎ ተሰንጥቋል። ኤለመንቱ ከቦይለሩ ሥር ተነስቶ ወደ ላይ የቆመ ነው። ውሃው ሲጎድል መጀመሪያ የሚጋለጠው አናቱ ነው። ውሃ ያልነካው ኤለመንት ደግሞ ሙቀቱን የሚረከበው ስለሌለ በደቂቃዎች ውስጥ ያርራል። ቴርሞስታቱም አያድነውም። የራሱ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ፣ ዙሪያው አየር ሲሆን ሙቀቱ ዘግይቶ ይደርሰዋል።

ታዲያ ውሃው የት ሄደ? የቀዝቃዛ ውሃ መግቢያውን በእጄ ተከተልኩ። እዚያ ላይ ሴፍቲ ቫልቭ መኖር ነበረበት። ትንሽ የነሐስ ዕቃ ናት፤ ጎኗ ላይ ማንሻ፣ ሥሯ ላይ ማንጠባጠቢያ ቀዳዳ አላት። ሁለት ሥራ ትሠራለች። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ 8 ባር ገደማ ሲደርስ፣ ውሃ አውጥታ ታስተነፍሳለች። ውስጧ ያለው ቼክ ደግሞ የቦይለሩ ውሃ ወደ ቀዝቃዛው መስመር እንዳይመለስ ይከለክላል። በቦታዋ ያገኘሁት ቧንቧ ከቧንቧ የሚያያይዝ ተራ ኒፕል ነው፤ ቴፍሎን ተጠምጥሞበት ጥብቅ ብሎ ታስሯል።

ማዘርን ጠየቅኳቸው። «እ፣ እሷማ ታንጠባጥብ ነበር» አሉ። «አንዱ ልጅ መጥቶ አወጣትና ጸጥ አለች።» ጸጥማ ብላለች።

ይህን በቃል ብነግራቸው ላያምኑኝ ስለሚችሉ አሳየኋቸው። ቦይለሩን ከኤሌክትሪክ እንዳቆራረጥኩት፣ ክፍት ያደረግኩትን ገጥሜ ውሃ ሞላሁት። ፓምፑን አጠፋሁ። ላይ ያለውን የላቫንዲኖ ሚክሰር እጀታ መሐል ላይ አድርጌ ከፈትኩ፤ ሌሊት የተነሳ ሰው እንደሚያደርገው። ታች ደግሞ ሠራተኛዋ የማዕድ ቤቱን ቀዝቃዛ ከፈተች። ፓምፑ ጠፍቷል፣ ግን ማዕድ ቤት ውሃው ይወርዳል። ላይ የሚክሰሩ አፍ ላይ ሶፍት አስጠጋሁ። ቧንቧው ሶፍቱን ስቦ ያዘው። አየር እየማገ ነው። አየሩ በሙቁ መስመር በኩል ቦይለሩ አናት ላይ ይገባል፣ ውሃው በሥሩ በኩል በቀዝቃዛው መስመር ይወርዳል። ታች የተከፈተ ቧንቧ ባይኖር እንኳ ያ የሚያፈስ ቼክ ቫልቭ አለ፤ ውሃው በእሱ በኩል ወደ ሮቶው ይመለሳል፤ ቦይለሩ ፎቅ ላይ ነው፣ ሮቶው መሬት ላይ። ማዘር ሶፍቱን አይተው «ወይ ጉድ» አሉ።

አሁን ሰንሰለቱ ሙሉ ነው። የታንኩ ላስቲክ ተቀደደ፣ ቼክ ቫልቩ ማፍሰስ ጀመረ፤ ስለዚህ ፓምፑ ሌሊት ይነሳል። ፓምፑ እንቅልፍ ስለነሳቸው ያጠፉታል። ፓምፑ ሲጠፋ ቦይለሩን የሚደግፈው ግፊት ይጠፋል፤ የሚከለክለው ሴፍቲ ቫልቭም የለም። አንድ ሰው ሌሊት ተነስቶ ሚክሰር ይከፍታል፣ ውሃ ሲያጣ ከፍቶት ይተኛል። ቦይለሩ ይፈሳል። የቦይለሩ ብሬከር ግን እንደተነሳ ነው። ኤለመንቱ ባዶ ቦይለር ውስጥ ይነድዳል። ጠዋት ፓምፑ ሲነሳ ቦይለሩ እንደገና ይሞላል፣ ማንም ባዶ እንደነበር አያውቅም። እኔ የሄድኩበት ቀን ውሃው ከፈረቃው ዘግይቶ ሮቶው ስላለቀ፣ ውሃ መጥቶ እኔ እስካስነሳው ድረስ ፓምፑ ከማታ ጀምሮ እንደጠፋ ነበር፤ እኔም ሳስነሳው ወደ ቤቱ የሚሄደው መዝጊያ ተዘግቶ ነበር። ባይሆን ባልዲዎቼ ይሞሉ ነበር።

የማዕድ ቤቱ ሞቅ ያለ ውሃም ተፈታ። 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 1.5 በመቶ ያብጣል። 1.2 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ይህ ትርፍ ውሃ የሚሄድበት ያስፈልገዋል። ተራ ኒፕል ስለሆነ ወደ ቀዝቃዛው መስመር ይገፋል። ቤቱ የተዘረጋበት 20 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ በአንድ ሜትር የሚይዘው ከ0.14 ሊትር አይበልጥም። ስለዚህ የሞቀው ውሃ ስምንት ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይጓዛል። ከቦይለሩ እስከ ማዕድ ቤቱ ቅርንጫፍ ከዚያ አይበልጥም።

መጀመሪያ የትኛው ይቀየር?

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የሚከብደው። ብልሽቶቹ ተደጋግፈው ነበር የቆሙት። ያ የሚያፈስ ቼክ ቫልቭ ሌሊት ቢረብሽም፣ ሳይታወቅ አንድ ውለታ ይሠራ ነበር። ቦይለሩ ሲሞቅ የሚያብጠው ውሃ በእሱ በኩል እየሾለከ ወደ ሮቶው ይመለሳል። ሴፍቲ ቫልቩ ከወጣ ጀምሮ የቦይለሩ መተንፈሻ እሱ ነበር።

አሁን እኔ ደርሼ መጀመሪያ አዲስ ቼክ ቫልቭ ብገጥም ምን ይሆናል? ፓምፑ ሌሊት አይነሳም። ቤተሰቡ ይደሰታል። ቦይለሩ ግን ከሁሉም አቅጣጫ ይዘጋል። ፕሬሸር ታንኩ ውሃ ሞልቶት አየር ስለሌለው ትርፉን አይቀበልም። ኒፕሉ አያስተነፍስም። ውሃ ደግሞ አይጨመቅም። ሌሊት ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ቦይለሩ ሲሞቅ ግፊቱ መውጫ ፍለጋ ይወጣል። በደህናው ቀን አንድ ደካማ መገጣጠሚያ ይፈነዳና ባኞ ቤቱ ይጥለቀለቃል። በክፉው ቀን፣ ማለትም ቴርሞስታቱም ተጣብቆ አልጠፋ ሲል፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ምድጃ ላይ ያለ ውሃ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ግፊት ውስጥ የታፈነ ውሃ ግን ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ይቆያል። ታንኩ የተሰነጠቀ ለታ ያ ሁሉ በአንዴ መፍላት ይጀምራል። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ያ ቦይለር ከሻወሩ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው የተሰቀለው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የግድ ነው። መጀመሪያ ሴፍቲ ቫልቭ። ማንጠባጠቢያዋ ላይ ቀጭን ላስቲክ አስገብቼ ወለሉ ላይ ወዳለው የፍሳሽ ጉድጓድ አወረድኩት። ጫፉን ክፍት ተውኩ። አንዳንዱ ቤት ይህ ላስቲክ በሽቦ ታስሮ አይቻለሁ። ከኒፕሉ በምን እንደሚሻል አላውቅም።

ቀጥሎ ፕሬሸር ታንኩ። ላስቲኩ ለብቻው ይሸጣል፣ ታንኩን በሙሉ መግዛት አያስፈልግም። ከቀየርኩት በኋላ ውሃውን ሙሉ በሙሉ አፍስሼ አየር ሞላሁት። ውሃ እያለበት ከተሞላ ልኩ አይታወቅም። ልኩ ፓምፑ ከሚነሳበት ግፊት 0.2 ባር ያህል ዝቅ ያለ ነው፤ ለዚህ ቤት 1.2 ባር። በጎሚስታ ጌጅ 17 ወይም 18 ማለት ነው። ጎረቤት ያለው ጎሚስታ ኮምፕረሰሩ አጠገብ ታንክ ተሸክሜ ስመጣ «ይሄ የማን መኪና ጎማ ነው?» ብሎ ስቋል። ግን በደንብ ነው የሞላው።

ከዚያ በኋላ ነው ቼክ ቫልቩን የቀየርኩት። ከሮቶው ወደ ፓምፑ በሚመጣው መስመር ላይም አሸዋ የሚይዝ ትንሽ ማጣሪያ ጨመርኩ። የፕሬሸር ስዊቹን ብሎን መለስኩት። እንዲህ ያለው ስዊች ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ 1.4 ላይ አስነስቶ 2.8 ላይ እንዲያጠፋ ተደርጎ ነው። እዚህ ቤት ወደ 3.5 ተወጥሮ ነበር። ፓምፑ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ግፊት 35 ሜትር ነው። 10 ሜትር አንድ ባር ገደማ ስለሆነ 3.5 ባር የፓምፑ የመጨረሻ እስትንፋስ ነው። ማታ ቮልቴጅ ሲወርድ እዚያ አይደርስም፤ ስለዚህ ሳይጠፋ እያጓራ አካሉ እስኪፋጅ ይሠራል። ካፓሲተሩን የበላውም ይሄ ይመስለኛል።

ኤለመንቱ የመጨረሻው ነበር። የቦይለሩን ሥር አጠብኩ፣ ብረቱ እንዳይዝግ በምትኩ የሚበላውን የማግኒዥየም ዘንግም ለውጬ ገጠምኩ፤ ቀጭን ሽቦ ሆኖ ነበር። ስሞላ ላይ ያለውን የሙቅ ቧንቧ ከፍቼ አየሩ ተንፍሶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ጠበቅኩ። ብሬከሩ የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ከገዛናቸው ዕቃዎች ሁሉ ርካሿ ሴፍቲ ቫልቯ ነበረች።

አንድ ኤሌክትሪሺያን ጓደኛዬ ፓምፑ ሲጠፋ ቦይለሩም አብሮ እንዲጠፋ በኮንታክተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ብናስረውስ አለኝ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ሴፍቲ ቫልቯ በቦታዋ ካለች ፓምፑ ቢጠፋም ቦይለሩ አይፈስም። የሚበላሽ ዕቃ አንድ መጨመር አልፈለግሁም።

ከጥገናው በኋላ

ማታ ጌጁ 2.7 ላይ ቆሞ ነበር፤ ጠዋትም ከዚያ ብዙም አልራቀም። ፓምፑ ብሬከሩ ተነስቶ ያድራል፣ ድምፁ አይሰማም። ሻወሩ ላይ ግፊቱ አሁንም ይወጣል ይወርዳል፣ ግን ቀስ ብሎ ስለሆነ ልጅቷ አይታወቃትም። የማዕድ ቤቱ ቀዝቃዛ ቀዝቃዛ ሆነ። ሠራተኛዋ ከሁሉም ቀድማ ነገረችኝ።

ማዘር ግን ሳይቆዩ ደወሉ። «ያቺ ነገር እንደ ድሮዋ ማንጠባጠብ ጀመረች» አሉ። ቦይለሩ እየሞቀ እያለ ብቻ ነው ወይ ስላቸው አዎ አሉ። ሥሯ ጣሳ አስቀምጠው እንዲለኩት ነገርኳቸው። ከቀዝቃዛ ተነስቶ ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ አንድ ሊትር ገደማ። ያ ያበጠው ውሃ ነው፣ መውጣት ያለበት። ቦይለሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ እያለ ሳታቋርጥ የምታፈስ ከሆነ ነው ብልሽት የሚሆነው። ሌላ ባለሙያ መጥቶ ላስቁማት ቢል እንዳይፈቅዱለት አስጠነቀቅኳቸው። «ደሞ ማን ያስነካታል!» አሉኝ።

አንድ ነገር አልተፈታም፤ ቮልቴጁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ ስለካው 180 ነበር። የኤለመንት ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይደለም የሚወርደው፣ ከዚያ በፈጠነ ነው። በ220 ቮልት 1,500 ዋት የሆነው በ180 ወደ 1,000 ዋት ይወርዳል። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ተኩል የሚሞቀው ውሃ አራት ሰዓት ሊጠጋ ነው። ማዘር «ማታ ማታ ቦይለሩ ይደክማል» ሲሉ የነበረው እውነት ነው፤ የደከመው ግን ቦይለሩ አይደለም። ከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖች 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት ጣቢያዎች ናቸው፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከተጨናነቀ ግን ለዚህ ቤት አይጠቅሙትም። የሰፈሩ ሰዎች በጋራ ማመልከቻ ሊያስገቡ ነው። እስከዚያ ቦይለሩ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንዲነሳ ሰዓት ያለው ማብሪያ ገጠምኩለት። በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ተኝቷል፣ ቮልቴጁም 215 አካባቢ ነው።